የአትክልት ተባይን በዕፅዋት ጭማቂ መከላከል፦ በደምበጫ አካባቢ የሚሠራውና የማይሠራው

ይህ ጽሑፍ በበጋ መስኖ ጎመን፣ ሽንኩርት፣ ድንች፣ ቲማቲምና በርበሬ ለሚያለሙ የደምበጫና የአጎራባች ወረዳዎች አርሶ አደሮች፣ እንዲሁም በአርሶ አደር ማሠልጠኛ ማዕከላት ሥልጠና ለሚሰጡ የልማት ሠራተኞች የተዘጋጀ ነው። ዓላማው በአካባቢያችን ከሚገኙ ዕፅዋት ጭማቂ አዘጋጅቶ የአትክልት ተባይን ማራቅ የሚቻልበትን መንገድ ማስረዳት፣ የማይቻልበትንም በግልጽ ማሳየት ነው።

የማይቻልበትን ማወቅ የሚቻልበትን ከማወቅ አያንስም። ስለ ዕፅዋት ጭማቂ የሚሰጡ ምክሮች ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ናቸው፦ ኒም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ሚጥሚጣ፣ ትምባሆ፣ እንዶድ እየተባለ ይደረደርና ሁሉም ማንኛውንም ተባይ እንደሚያጠፋ ይነገራል። ይህን የሰማ አርሶ አደር ጎመኑ በክሽክሽ ከተሸፈነ በኋላ ጭማቂውን አንድ ቀን ይረጫል፤ በማግሥቱ ሄዶ ሲያይ ክሽክሹ እንዳለ ነው። ከዚያ በኋላ ስለ ጭማቂ ቢነገረው አይሰማም፣ ወደ ኬሚካሉ ይመለሳል። በዚህ ጥፋቱ የአርሶ አደሩ አይደለም፣ የተሰጠው ተስፋ ከልክ በላይ ስለነበር ነው። ጭማቂ ተባይን የሚያርቅና የሚያዳክም እንጂ የተወረረ ማሳን የሚያድን አይደለም። ይህ ከታወቀ በቀረው መግባባት ይቻላል።

ጭማቂው ተባዩን ምን ያደርገዋል?

ዕፅዋት መሮጥ ስለማይችሉ ራሳቸውን ከነፍሳት የሚከላከሉት በውስጣቸው በሚያመርቱት ቅመም ነው። የነጭ ሽንኩርት ሽታ፣ የሚጥሚጣ ማቃጠል፣ የግራዋ ምሬት ለእኛ ቅመምና መድኃኒት ቢሆኑም ለነፍሳት ማስጠንቀቂያ ናቸው። ኬሚካሎቹም ቢሆኑ ከዚህ የራቁ አይደሉም። በየሱቁ የሚሸጠው ካራቴ በውስጡ ያለው ላምዳ ሳይሃሎትሪን የተባለ ንጥረ ነገር የተሠራው በኬንያ ደጋማ ቦታዎች ከሚመረተው ፓይሬትረም የተባለ አበባ አሠራሩ ተወስዶ ነው። ልዩነቱ ፋብሪካው ፀሐይ ቶሎ እንዳያጠፋው አድርጎ ማጠንከሩ ነው።

የዕፅዋት ጭማቂ ግን በፀሐይ ቶሎ ይከስማል። ይህ ጥቅምም ጉዳትም አለው። ጥቅሙ በምርቱ ላይ ለረጅም ጊዜ አለመቆየቱ ሲሆን ጉዳቱ በየ5 እስከ 7 ቀኑ መድገም ማስፈለጉ ነው።

አሠራራቸውም ይለያያል። ነጭ ሽንኩርትና ሚጥሚጣ በሽታቸውና በማቃጠላቸው ነፍሳቱን ያርቃሉ፤ የመግደል አቅማቸው ትንሽ ነው። ኒም ደግሞ ዓይነቱ ሌላ ነው። በ1959 እ.ኤ.አ. ሄይንሪክ ሽሙተረር የተባለ ጀርመናዊ የነፍሳት ተመራማሪ በጎረቤታችን በሱዳን የበረሃ አንበጣ መንጋ ያገኘውን አረንጓዴ ሁሉ ሲበላ የኒምን ዛፍ ግን ሳይነካ መተዉን ተመለከተ። በኋላ በተደረገው ምርምር በኒም ፍሬ ውስጥ አዛዲራክቲን የተባለ ንጥረ ነገር እንዳለ ታወቀ። ይህ ንጥረ ነገር ትሉን የምግብ ፍላጎት ያሳጣዋል፣ እያደገ ሲሄድ ቆዳውን እንዳይቀይር ያግደዋል። ስለዚህ ኒም የተረጨበት ትል በማግሥቱም በሕይወት ይገኛል። ነገር ግን እንደ በፊቱ አይበላም፤ ከ3 እስከ 7 ባሉት ቀናት ውስጥ እየደከመ ይሞታል። ኒምን በማግሥቱ ሬሳ በመቁጠር የሚመዝን ሰው ሁልጊዜ “አልሠራም” ማለቱ አይቀርም። መታየት ያለበት አዲስ የወጣው ቅጠል መበላቱ መቀነሱ ነው።

ወቅቱም ወሳኝ ነው። በእኛ አካባቢ ክረምቱ ዝናባማ በመሆኑ የተረጨው በማግሥቱ ይታጠባል፤ ዝናቡ ራሱም ክሽክሹን ከቅጠል ላይ ያረግፈዋል። ጭማቂ የሚያዋጣው ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ባለው የመስኖ ወቅት ሲሆን ክሽክሽና ትሪፕስ የሚበረቱትም ያኔው ነው። በክረምት ድንችን የሚያጠቃው ምች ግን ነፍሳት ሳይሆን በሽታ ነው። ነጭ ሽንኩርትም ሆነ ኒም ለምች መፍትሔ አይሆኑም፤ ለዚያ ብሎ መዘፍዘፍ ድካም ነው።

በመጀመሪያ ተባዩን መለየት

ከመርጨት በፊት ቅጠሉን ገልብጦ ማየት ይቀድማል። በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ጠዋት፣ በማሳው ውስጥ በወዲያና በወዲህ እየተመላለሱ 20 ተክል ይመልከቱ። ከ20ው በ2 ወይም በ3 ተክል ላይ ተባይ መታየት ከጀመረ ጊዜው ያ ነው። በግማሾቹ ላይ ከደረሰ ለጭማቂ ዘግይቷል።

የጎመን ክሽክሽ አመድ የመሰለ ሰም ለብሶ በለጋው ቅጠል ሥር ተጠጋግቶ ይቀመጣል፤ የተጠቃው ቅጠል ይጨማደዳል። ክሽክሽ ያለ ወንድ ትወልዳለች፤ የምትወልደውም ዕንቁላል ሳይሆን ሕያው ልጅ ነው። ሙቀት ባለበት ጊዜ የተወለደችው በሳምንት ወይም በ10 ቀን ራሷ መውለድ ትጀምራለች። በሁለት ሳምንት ውስጥ ማሳው ነጭ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ያ የሚታየው አመድማ ሰም ደግሞ ውኃን አያስጠጋም፤ ሳሙና የሌለበት ጭማቂ ቢረጭበት እንደ ጤዛ ተንከባሎ ይወርዳል። ብዙ ጊዜ ጭማቂው አልሠራም የሚባለው እዚህ ላይ ነው።

የጎመን እሳት እራት (ዳይመንድ ባክ) ትል ትንሽና አረንጓዴ ሲሆን ሲነኩት እየተወራጨ በቀጭን ክር ይንጠለጠላል። ቅጠሉን ከሥር ፍቆ ስለሚበላ የላዩ ስስ ቆዳ ብቻ ቀርቶ መስኮት ይመስላል። ይህ ተባይ በዓለም ዙሪያ ብዙ ዓይነት ኬሚካሎችን በመላመድ የታወቀ ነው። በየሦስት ቀኑ አንድ ዓይነት ኬሚካል እየረጩ ትሉ አልሞት ያላቸው አርሶ አደሮች የገጠማቸው ይኸው ነው፤ መጠኑን መጨመር ደግሞ መላመዱን ያፋጥነዋል።

የሽንኩርት ትሪፕስ በዓይን ለማየት የሚያስቸግር ቀጭን ነፍሳት ነው። ቅጠሉ ላይ ብርማ ጭረት ይተዋል፤ ራሱ ግን በቅጠሎቹ መገናኛ እቅፍ ውስጥ ይደበቃል። በበርበሬና በቲማቲም ላይ የሚገኘው ጓይ ትል ፍሬውን በስቶ ከገባ በኋላ ምንም ነገር አያገኘውም። በ2012 እ.ኤ.አ. ወደ አገራችን የገባው የቲማቲም ቅጠል ሰርሳሪ (ቱታ አብሶሉታ) ደግሞ በቅጠሉ በላይኛውና በታችኛው ቆዳ መካከል ገብቶ ስለሚኖር ነጭ ሽንኩርትና ሚጥሚጣ አይደርሱበትም። የተሰረሰረውን ቅጠል ቶሎ ቶሎ ለቅሞ መቅበር ከርጭቱ ይበልጣል።

ቅጠሉን ሲገለብጡ የሚያገኙት ሁሉ ጠላት አይደለም። ቀይ ሆና ጥቁር ነጠብጣብ ያላት ጥንዚዛም ሆነች ጥቁርና ብርቱካንማ ቀለም ያለው ልጇ በቀን ብዙ ክሽክሽ ይበላሉ። አብጦና ደርቆ ቡናማ የሆነ ክሽክሽ ካዩ ደግሞ በውስጡ ጥቃቅን ተርብ ዕንቁላል ጥላበታለች ማለት ነው። እነዚህ በብዛት ካሉ ርጭቱን ለጥቂት ቀናት ያቆዩት።

ነጭ ሽንኩርት፣ ሚጥሚጣና ሳሙና

ለመጀመር የሚቀለው ይህ ነው፤ ሁሉም በቤት አለ። ለ10 ሊትር ውኃ ግማሽ ኪሎ ነጭ ሽንኩርትና ሁለት እፍኝ የደረቀ ሚጥሚጣ ይበቃል። ለገበያ የማይወጣው ደቃቃ ነጭ ሽንኩርት ለዚህ ይሆናል፤ ጥሩውን ማባከን አያስፈልግም። ሁለቱን አብሮ ወቅጦ በ2 ሊትር ውኃ አንድ ሌሊት ክዳን ባለው ዕቃ መዘፍዘፍ ነው። ጠዋት በአሮጌ ነጠላ ሁለት ጊዜ ማጥለል ያስፈልጋል፤ አንድ ጊዜ ብቻ የተጠለለ የሚጥሚጣ ፍሬ የመርጫውን አፍንጫ ይደፍነዋል፣ አፍንጫውን ለማጽዳት በአፍ መንፋት ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው።

ከዚያ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የተፈቀፈቀ የልብስ ሳሙና በጥቂት ሙቅ ውኃ አሟሙቶ መጨመርና በውኃ 10 ሊትር መሙላት ነው። የዱቄት ሳሙና ቅጠል ስለሚያቃጥል ደረቁ ሳሙና ይሻላል። ሳሙና ሲበዛም ያቃጥላል። አዲስ ድብልቅ ሲያዘጋጁ በ10 ተክል ላይ ብቻ ረጭተው ሁለት ቀን ይጠብቁ፤ ቅጠሉ ካልደረቀ ወይም ካልጠቆረ ወደ ቀሪው ይሂዱ።

ይህ ጭማቂ ለክሽክሽና ገና ለተፈለፈለ ትንሽ ትል ይሆናል። ለሽንኩርት ትሪፕስ አንመክረውም፦ በነጭ ሽንኩርትና በሽንኩርት ላይ የሚኖር ነፍሳት የነጭ ሽንኩርትን ሽታ ይሸሻል ማለት አይከብድም?

ኒም

ለትልም፣ ለትሪፕስም፣ ለነጭ ዝንብም ከሁሉም የተሻለው ኒም ነው። ችግሩ ኒም የቆላ ዛፍ መሆኑ ነው። በመተማና በድሬዳዋ ጥላ ሆኖ እንደልብ የሚገኘው ዛፍ በእኛ ወይናደጋና ደጋ ላይ በደንብ አያድግም፤ ችግኙን አምጥቶ ፍሬ መጠበቅም አያዋጣም። የሚሻለው የደረቀ ፍሬውን ከቆላ ማስመጣት ነው። አንድ የመስኖ ተጠቃሚዎች ቡድን በኅብረት አንድ ከረጢት ቢያስመጣ ለብዙ የችግኝ መደብ ይበቃል።

ፍሬው ሲመጣ መሽተት ያስፈልጋል። ሻጋታ የበላው ኒም ዋጋ የለውም፣ ለሰውም ጎጂ ነው። ጥሩው ፍሬ በጥላ የደረቀ፣ ሲፈለፈል ውስጡ አረንጓዴ ወይም ነጣ ያለ ነው። ቅርፊቱን አንሥቶ ፍሬውን መውቀጥ፤ ለአንድ ሊትር ውኃ 50 ግራም፣ ለ10 ሊትር ግማሽ ኪሎ ነው። አንድ ሌሊት ተዘፍዝፎ፣ ተጠልሎ፣ ሳሙና ተጨምሮበት በዚያው ቀን አመሻሽ ላይ መረጨት አለበት። ሲዘፈዘፍም በጥላ እንጂ በፀሐይ አይሁን። የኒም ቅጠልም ይሠራል፣ ግን ከፍሬው በጣም ይደክማል።

ብርብራ፦ የራሳችን፣ ግን አደገኛው

ብርብራ በኢትዮጵያ ብቻ የሚበቅል ዛፍ ነው። በየደብሩ ቅጥርና በየወንዙ ዳር ይገኛል፤ ቡናማ ከንቢሉ ሲደርቅ እየፈነዳ ፍሬውን ይበትናል። የወንዝ ዳር ሰዎች ፍሬውን ወቅጠው ውኃ ላይ በመበተን ዓሣ እንደሚያሰክሩበት ያልሰማ የለም። ዓሣውን የሚያሰክረው በፍሬው ውስጥ ያለው ሮቴኖን የተባለ ንጥረ ነገር ሲሆን የነፍሳትንም የሕዋስ ትንፋሽ የሚያቋርጠው እርሱ ነው። በአገራችን የሚገኙ ተመራማሪዎች የብርብራን ፍሬ በምስጥና በሰብል ተባዮች ላይ ሞክረው የመግደል አቅም እንዳለው አሳይተዋል።

ስለዚህ ብርብራ እንደ ነጭ ሽንኩርት የሚያርቅ ሳይሆን የሚገድል ነው። ይህን ስንል ብዙ ሰው ደስ ይለዋል፤ በነፃ የሚገኝ መርዝ ተገኘ ይባላል። ግን ረጋ ማለት ያስፈልጋል። ሮቴኖን በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ለሰብል እንዳይውል ተከልክሏል። ዱቄቱ በአፍንጫ ሲገባ ሰውን ይጎዳል፤ በውኃ ከገባ ዓሣ ይፈጃል። ከዛፍ መገኘቱ መርዝነቱን አያስቀረውም።

ስለዚህ የምንመክረው በጠባቡ ነው። ብርብራ በችግኝ መደብ ላይ ላሉ የበርበሬ፣ የቲማቲምና የጥቅል ጎመን ችግኞች፣ እንዲሁም ገና አበባ ላልያዘ በርበሬ ብቻ ይዋል። ቅጠሉ ተቆርጦ ለሚበላ ጎመን፣ ለቆስጣና ለሰላጣ በጭራሽ አይረጭ። መጠኑ እንደ ኒም 50 ግራም ዱቄት ለአንድ ሊትር ውኃ ነው። የሚወቀጥበት ሙቀጫ ለዚሁ ብቻ የተለየ ይሁን፤ የቤት ሙቀጫም ወፍጮ ቤትም አይነካካ። ሲወቀጥ አፍና አፍንጫን በጨርቅ ሸፍኖ፣ ከነፋሱ በላይ ቆሞ ነው። ፍሬውን ትንሽ ውኃ እያርከፈከፉ መውቀጥ ብናኙን ይቀንሳል። ዕቃውን ተምጫ ወንዝም ሆነ መስኖ ቦይ ውስጥ ማጠብ ክልክል ነው፤ እጣቢው ከወንዝና ከጉድጓድ ርቆ ደረቅ መሬት ላይ ይደፋ።

ትምባሆ፣ እንዶድ፣ ግራዋና አመድ

ትምባሆን አንመክርም። ኒኮቲን ክሽክሽን እንደሚገድል እውነት ነው፤ ሲዘፍዝፉትና ሲረጩት ግን በቆዳ አልፎ ሰውን ያሳምማል። ሌላም ምክንያት አለ። የትምባሆ ቅጠል የሞዛይክ ቫይረስ ሊኖርበት ስለሚችል በእጅም በጭማቂም ወደ በርበሬና ቲማቲም ይዛመታል። ክሽክሽ ለማባረር ቫይረስ ማስገባት ትርፍ የለውም።

እንዶድ በየሥልጠናው ይጠየቃል። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. በአድዋ ልብስ በእንዶድ ከሚታጠብበት ወንዝ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው ባደረጉት ምርምር እንዶድ የቢልሃርዚያን አስተላላፊ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ማረጋገጣቸው በዓለም የታወቀ ነው። ሆኖም ቀንድ አውጣ ሌላ፣ ክሽክሽ ሌላ ነው። እንዶድም ለዓሣ መርዝ ነው። በአትክልት ላይ ከልብስ ሳሙና የተሻለ የሚሠራው ነገር ስለሌለ ሳሙናው ይበቃናል።

ግራዋ መራራነቱ ትልን ትንሽ ያስጠላዋል፤ የጋን ማጠቢያ ቅጠል ተርፎ ከሆነ ወቅጦ መርጨት አይጎዳም፣ ብቻውን ግን ማሳ አይጠብቅም። የምድጃ አመድ በጠዋት ጤዛ ላይ በለጋ ጎመን ላይ መነስነስ ጭማቂ ባይሆንም እናቶቻችን ሲሠሩበት የኖሩት ነው፤ በጥቂት የጓሮ ተክል ላይ አሁንም ጥሩ ነው።

ለስንት መሬት ይበቃል?

ይህን ስሌት በእጅ ሠርቶ ማየት ከብዙ ምክር ይሻላል። አንድ ቃዳ (ሩብ ሄክታር) የደረሰ ጥቅል ጎመን ቅጠሉን ላይና ታች አርሶ ለመርጨት በ16 ሊትር መርጫ ከ6 እስከ 8 ጊዜ መሙላት ይጠይቃል። ይህ ወደ 100 እና 130 ሊትር ይጠጋል። በሊትር 50 ግራም ሲታሰብ ከ5 እስከ 6 ኪሎ ተኩል ኒም ማለት ነው፤ ነጭ ሽንኩርት ከሆነም ያንኑ ያህል። በየሳምንቱ ሲደገም ደግሞ በወር 20 ኪሎ ያልፋል። በዚህ ሒሳብ አንድ ቃዳ ጎመንን በነጭ ሽንኩርት እጠብቃለሁ የሚል ሰው ነጭ ሽንኩርቱን ቢሸጠው ይሻለዋል።

አሁን የችግኝ መደቡን እንይ። አንድ ሜትር በ10 ሜትር የሆነ መደብ 2 ሊትር ጭማቂ ይበቃዋል። ይህ 100 ግራም ኒም ወይም ጥቂት ራስ ነጭ ሽንኩርት ነው። የጎመን ችግኝ አንድ ወር ገደማ፣ የሽንኩርትና የበርበሬ ችግኝ እስከ ሁለት ወር መደብ ላይ ይቆያል። በዚያ ጊዜ በየሳምንቱ ቢረጭ እንኳ ወጪው ከአንድ ኪሎ አያልፍም። ወደ ማሳ የሚሄደው ችግኝ ክሽክሽና ዕንቁላል ሳይዝ ከሄደ ማሳው ላይ የሚመጣው ጣጣ በብዙ ይቀንሳል።

ስለዚህ ጭማቂ ቦታው ሦስት ነው ብለን እናምናለን፦ የችግኝ መደብ፣ የጓሮ አትክልት፣ በሰፊ ማሳ ላይ ደግሞ ተባይ መጀመሪያ የታየባቸው ጥቂት ቦታዎች። ክሽክሽ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከማሳው ጠርዝ፣ በተለይ ነፋስ ከሚመጣበት በኩል በመሆኑ ያንን ጠርዝ ብቻ ቶሎ መርጨት ይቻላል።

አረጫጨት

ሰዓቱ ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ነው። ፀሐዩ ሲበርድ ጭማቂው ሌሊቱን ሙሉ ይቆያል፤ ንቦችም ወደ ቀፏቸው ተመልሰዋል። የእኛ አካባቢ የማር አገር መሆኑን መርሳት የለብንም። አበባ በያዘ ሰብልና አረም ላይ በቀን መርጨት የጎረቤትን ቀፎ ማራቆት ነው።

የመርጫውን አፍንጫ ወደ ላይ አዙሮ የቅጠሉን ሥር ማርጠብ ዋናው ሥራ ነው፤ ተባዩ ያለው እዚያ ነው። ለሽንኩርት ጭማቂው በቅጠሎቹ መገናኛ ውስጥ እስኪገባ ድረስ ከላይ ወደ ታች ይረጫል። መርጫው ከዚህ በፊት ፀረ አረም የተረጨበት ከሆነ በሳሙና ሦስት ጊዜ ሳይታጠብ አትክልት አይነካ፤ በቱ ፎር ዲ ቅሪት የተቃጠለ ቲማቲምና በርበሬ “ጭማቂው አቃጠለው” ሲባል ይሰማል። በየ5 እስከ 7 ቀኑ ይደገም፣ ዝናብ ከጣለ በማግሥቱ።

የነጭ ሽንኩርትና የሚጥሚጣ ጭማቂ ከተረጨ በኋላ ሽታው እንዲለቅ 3 ቀን፣ ኒም ከተረጨ አንድ ሳምንት መጠበቅና ምርቱን አጥቦ ለገበያ ማቅረብ ነው።

የተዘጋጀው ጭማቂ በዚያው ቀን ማለቅ አለበት። የተረፈው አድሮ ይቦካል፣ ኃይሉም ይቀንሳል። ከምንም በላይ ግን በሃይላንድ ፕላስቲክ ሞልቶ ቤት ውስጥ ማስቀመጥ አይገባም። ሃይላንድ ያየ ሕፃን ውኃ ወይም ጠላ መስሎት ይጠጣል። የብርብራና የኒም ዱቄት ከእህልና ከበርበሬ ዕቃ ተለይቶ፣ ስሙ ተጽፎበት፣ ከልጆች እጅ ከፍ ብሎ ይቀመጥ። ማንበብ ለማይችል የቤተሰብ አባልም በቃል ይነገረው።

በማሠልጠኛ ማዕከሉ የሚሠራ ሙከራ

የልማት ሠራተኞች ይህን ትምህርት በቃል ብቻ ከማስተላለፍ ይልቅ በማዕከሉ መሬት ላይ አራት እኩል የጎመን መደቦች እንዲያዘጋጁ እንጠይቃለን። አንደኛው ምንም አይረጭበት። ሁለተኛው ሳሙናና ውኃ ብቻ ይረጭበት። ሦስተኛው የነጭ ሽንኩርትና ሚጥሚጣ ጭማቂ፣ አራተኛው ኒም። ከየመደቡ 10 ተክል ላይ ምልክት አድርጎ በየ5 ቀኑ ክሽክሽ ያለባቸውን ቅጠሎች መቁጠርና በመዝገብ መጻፍ ነው።

ያልተረጨው መደብ ለምን አስፈለገ? አንዳንዴ ጥንዚዛዎቹና ተርቦቹ ራሳቸው ክሽክሹን ይጨርሱትና ምስጋናውን ጭማቂው ይወስዳል። የሳሙናው መደብ ደግሞ ከሁሉም የበለጠ ሊያነጋግር ይችላል። ክሽክሽ ላይ ሳሙና ሰሙን አልፎ ስለሚያረጥበው ብቻውንም ይገድላል፤ በብዙ ቤት ነጭ ሽንኩርቱ ሠራ የተባለው በሳሙናው ኃይል ሊሆን ይችላል። የሁለተኛውና የሦስተኛው መደብ ውጤት እኩል ከሆነ አርሶ አደሮቹ ነጭ ሽንኩርቱን ለወጥ ትተው በሳሙና ይቀጥሉ። ውጤቱን አይተው ራሳቸው ይወስኑ፤ እኛ የምንለውን ለማስመስከር ተብሎ መደብ አይጥፋ።

ጭማቂ ካልበቃ

በሁለት ተከታታይ ርጭት አዲሱ ቅጠል መጠቃቱ ካልቀነሰ ወይም ተባዩ ከግማሽ በላይ ተክል ላይ ከደረሰ ጭማቂን መድገም ጊዜ ማባከን ነው። በዚያን ጊዜ ኬሚካል መጠቀም ነውር የለውም፤ ነውሩ ዓይነቱንና መጠኑን ሳያውቁ መርጨቱ ነው። በአገራችን የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 መሠረት ያልተመዘገበ ፀረ ተባይ መሸጥ አይፈቀድም። ከዋናው ዕቃ ተቀንሶ በፌስታል ወይም በሃይላንድ የሚሸጥ ኬሚካል ምን እንደሆነ፣ ለየትኛው ሰብል እንደተፈቀደ፣ ከተረጨ ስንት ቀን ቆይቶ እንደሚበላ የሚገልጽ ጽሑፍ የለውም። በቅናሽ ቢገኝም አይግዙት።

ጭማቂና ኬሚካል በአንድ መርጫ አይቀላቀሉ። ኬሚካሉ ከተረጨ በኋላ ተባዩ እንዳይላመደው በሚቀጥለው ጊዜ አሠራሩ ከሌላ ክፍል የሆነ ኬሚካል መምረጥ ያስፈልጋል። በንግድ ስማቸው የተለያዩ የሚመስሉ ብዙ ኬሚካሎች በውስጣቸው አንድ ናቸውና ይህን የቀበሌው ባለሙያ እንዲያይልዎ ያድርጉ።

ባለሙያ ዘንድ ሲሄዱ የተጠቃውን ቅጠል ከነተባዩ በወረቀት ጠቅልለው ይዘው ይሂዱ፤ በፌስታል ከታሰረ በሙቀት ይበሰብሳል። ከተቻለ ጠዋት የተቆረጠ ይሁን። የረጩትን ጭማቂ ዓይነት፣ መጠንና ቀኑንም ይንገሩት፤ ያለዚያ ቅጠሉ ላይ የሚያየው ቃጠሎ የተባይ ይሁን የሳሙና መለየት ይቸገራል።